ጠጠር የላጠውን ኮፈን በራሴ እጅ፦ አንዴ አበላሽቼ፣ አንዴ አስተካክዬ

አስቀድሜ ልናገር፤ ቀለም ቀቢ አይደለሁም። ሥራዬ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ነው፣ በሕይወቴ የቀባሁት ነገር ቢኖር የግቢያችን የብረት በር ብቻ ነው፣ እሱም አልተዋጣልኝም። መኪናዬ በፈረንጅ 2006 የተሠራች ብርማ ቪትዝ ነች። ኮፈኗን ጠጠር የላጠው ጊዜ መላ ስፈልግ ፈረንጆቹ የሚያሳዩት ሁሉ እዚህ ሱቅ ገብተህ የማታገኘው ዕቃ እየሆነ አስቸግሮኝ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በሚገኝ ዕቃ የሠራሁትን ልጻፍ፣ ያበላሸሁትንም ጨምሬ።

ነገሩ የጀመረው ለጥምቀት ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ነው። አለልቱን እንዳለፍን ጠጠር የጫነ ሲኖ ፊታችን ገባ፣ ሸራ አልለበሰም። ልቀድመው ተጠጋሁ፣ ከፊት አይሱዙ ሲመጣ አየሁና ተመልሼ ጭራው ላይ ተለጠፍኩ፣ ጉድ የሠራችኝ ያቺ ሁለት ደቂቃ ነች። ኮፈኑ ላይ በረዶ የሚዘንብ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ «ኧረ ራቅ በልለት!» ትላለች፣ እኔ አሁንም ልቀድም አንገቴን አሰግጋለሁ። መስታወቱ በተአምር ተረፈ። ደርሰን ቀለሙ የተላጠበትን ነጥብ ስቆጥር ኮፈኑ ላይ 11፣ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ላይ 4፣ በሹፌር በኩል ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የጎን አካል) ላይ ደግሞ አንድ የምስር ፍሬ የሚያክል።

ነጥብ ምን ታመጣለች ብዬ ተውኩት። ስህተት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ደህና አድርጌ ሳጥባት ከ11ዱ አራቱ ቡናማ ሆነዋል፣ የአንዷ ዙሪያ ደግሞ ቀለሙ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቷል። ዝገት እኮ ያለበት ቦታ አይቀመጥም፣ በቀለሙ ሥር እየሰረገ ይሄዳል። በጥር ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በመስከረም ግማሽ ቀን ሆነ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ዞር ዞር ብሎ አየና «ነጥብ በነጥብ አይሠራም፣ ኮፈኑም ፓራፋንጎውም ሙሉ መቀባት አለበት» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ከወር የቤት ኪራዬ ጋር ተቀራራቢ ነው። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ቦዲና ቀለም ይሠሩ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ለእሳቸው ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ የፋብሪካ ቀለም እኮ የተጋገረ ነው። ለ11 ነጥብ ብለህ እሱን ልታስገፍ? ነጥቧን ብቻ ድፈናት!»

እውነታቸውን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቦዲው ሙሉ በሙሉ ፀረ ዝገት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ላይኛው ክሊር (ቀለም የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን) ራሱ ወደ 140 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው የሚደርቀው። እንዲህ ያለ ምድጃ የትኛውም የሰፈር ጋራዥ የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም፣ ምክንያቱም የተገጣጠመ መኪና በዚያ ሙቀት ቢገባ ፕላስቲኩና ሽቦው ያልቃል። ይህ ሁሉ ንብርብር፣ ማለትም ፀረ ዝገቱ፣ ፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው)፣ ቀለሙና ክሊሩ ተደምሮ የአንድ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ቢያክል ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ብርጭቆ ወረቀት ስናነሳ ይመጣል።

ጋሼ «ድፈናት» ሲሉኝ እኔ የሰማሁት «ቀለም ጠብ አድርግባት» ነው። በማግስቱ ከመለዋወጫ ሱቅ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ ገዛሁ፣ «ሲልቨር» ይላል፣ ሲልቨር ሁሉ አንድ መስሎኝ። ቀለሙን ክዳኑ ውስጥ ነፋሁና በባዶ የኩቴክስ ጠርሙስ ብሩሽ እየነከርኩ በየነጥቡ ላይ ለጠፍኩት። ሳላጥብ፣ ሰሙን ሳላነሳ፣ ዝገቱን ሳልፍቅ። በዚያ ላይ ቶሎ እንዲሞላ ብዬ ወፍራም ወፍራም አድርጌ። ሲደርቅ ኮፈኔ ፈንጣጣ የወጣበት መሰለ። ቀለሙም ከመኪናዋ ይልቅ ወደ ነጭ ያደላ ነበር፣ ከመንገድ ማዶ ይታያል።

ልጠርገው ብዬ ጨርቅ ላይ ቲነር ነክሬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ ጠረግሁ። ኮፈኑ ላይ የራሴ ጉድ ብቻ ተነሳ፣ የፋብሪካው ቀለም ንክች አላለም። ደስ ብሎኝ ወደ ፓራፋንጎው ሄድኩ። አንዴ፣ ሁለቴ ፈተግ ሳደርግ ጨርቁ ብርማ ሆነ። ይሄ የኔ ቀለም አይደለም፣ የመኪናዋ ነው! ሥሩ ግራጫ መጣ፣ ከግራጫው ሥር ደግሞ ስቱኮ። ለካስ ፓራፋንጎዋ ድሮ ተጋጭታ፣ ተሞልታ፣ በርካሽ ቀለም ተቀብታ ነው። የሸጠልኝ ሰውዬ «ቀለም የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም» ብሎ ምሎልኝ ነበር።

ስለዚህ ቲነር ከመጠቀማችሁ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በሩ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ጠርዝ ላይ፣ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ሞክሩት። ጥጡ ቀለም ካነሳ ያ ቦታ ዳግመኛ የተቀባ ነው፣ በቲነር አትድረሱበት። በነገራችን ላይ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች ከፍሪጅ በር ላይ አንዲት ስስ ማግኔት ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ስቱኮ ወፍሮ የተሞላበት ብረት ላይ ማግኔቷ አትይዝም፣ ወይ እየተንሸራተተች ትወድቃለች። እኔ ይህን ያወቅሁት ገንዘቡን ከከፈልኩ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ትክክለኛው አሠራር። ጋሼ ዘንድ አፍሬ ተመለስኩ፣ እሳቸውም እየተቆጡ አስተማሩኝ።

መጀመሪያ ቀለሙ። ቶዮታ ከሆነች የቀለም ቁጥሯ የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሳህን አለች፤ ከጃፓን ገበያ የመጡት ላይ ብዙ ጊዜ ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ነች፣ ሌሎቹ ላይ የፊት በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ። «ከለር» ከሚለው ጎን ያለው ሦስት ምልክት ነው ቁጥራችሁ። የኔ 1ኤፍ7 ይላል። ነጭ ቶዮታ ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ 040 ታገኛላችሁ፣ እድለኞች ናችሁ፣ ምክንያቱም እሱ ብልጭልጭታ የሌለው ድፍን ነጭ ነው፣ ከሁሉም ቀላሉ። 070 ከሆነ ግን ዕንቁማው ነጭ ነው፣ ነጩ መደብ ላይ ሌላ የሚያብረቀርቅ ንብርብር ይደረባል፣ እሱን በቤት ውስጥ አስመስላለሁ ማለት ድካም ነው።

ቁጥሩን ይዤ መርካቶ ቀለም የሚቀምም ቤት ሄድኩ። ግን በቁጥሩ ብቻ አትመኑ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀላል አይደለችም፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ወደ ሃያ ዓመት የቆመባት ቀለም ከተወለደበት ቀን ጋር አንድ አይሆንም። መኪናዋን ይዛችሁ ሂዱና ልጁ የቀመመውን ካርቶን ላይ ጠብ ያድርግላችሁ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ኮፈኑ አጠገብ ይዛችሁ አንዴ በፀሐይ አንዴ በጥላ እዩት። እርጥብ ሆኖ የሚመሳሰለው ሲደርቅ ይለያል። የኔን ሁለት ጊዜ አስተካክሎታል፣ ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ፊቱ ተቀየረ። ትንሹ የሚሸጡት መጠን ለእኔ ሥራ የዕድሜ ልክ ነው። እግረ መንገዴን ትንሽ ፀረ ዝገት ፕራይመር፣ ትንሽ ክሊር ከነሃርድነሩ (ማጠንከሪያው)፣ ቲነር፣ 2000 እና 3000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ኮምፓውንድ (ቀለም ማብረቅረቂያ ቅባት) ያዝኩ። ከፋርማሲ ደግሞ አልኮልና ሁለት ስሪንጅ። ስቴኪኒ ቤት አለ።

ጊዜውን ኅዳር አደረግሁት። ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ እርጥበቱ ከቀለሙ ሥር ይቀራል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ሌሊት የጣለው ጤዛ እስኪለቅ ጠብቁ፣ እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ነፋሱ አቧራ ማንሳት ሳይጀምር እጨርሳለሁ። ጥላ ሥር ይሁን። ፀሐይ የመታው ኮፈን ላይ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ቀና ብላችሁ እዩ፣ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቴ ምንጣፍ ሲያራግፉ አይቼ መኪናዬን እየተሳደብኩ ፈቀቅ አደረግኋት፣ ስድቡ ለራሴ ነው፣ እሳቸውማ ትልቅ ሰው ናቸው።

ከዚያ እያንዳንዷን ነጥብ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር የማይዘው ጭረት ክሊሩ ላይ ብቻ ያለ ነው፣ ቀለም አይፈልግም፣ በኮምፓውንድ ይለቃል። ጥፍር የሚይዘውና ውስጡ ግራጫ የሆነው ፕራይመሩ አልተነካም ማለት ነው፣ ቀለምና ክሊር ይበቃዋል። ብረት የሚያበራው ወይም ቡናማ የሆነው ነው ሙሉ ሕክምና የሚያስፈልገው።

በሳሙና አጥቤ አደረቅሁ፣ ነጥቦቹን በአልኮል ጠረግሁ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የምትጠቀሙ አላችሁ፤ ናፍጣ ቅባት ነው፣ ጭራሽ ቀለሙ እንዳይዝ ታደርጉታላችሁ። የዛጉትን አራቱን በመርፌ ጫፍ ፈለፈልኩ። እዚህ ላይ መጨከን አለባችሁ። የተነሳው ቀለም ሁሉ ይርገፍ፣ ነጥቧ ከነበረችው ትንሽ ትስፋ፣ ዝገት ሥሯ ከምትቀር ብትሰፋ ይሻላል። ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት የእርሳስ ላጲስ ጫፍ ላይ ለጥፌ ብረቱ ነጭ እስኪሆን አሸሁ። እንደገና አልኮል። ወዲያው ፕራይመር፣ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ብረቱን ለመሸፈን ያህል ብቻ። ያንን እስከ ማግስቱ ተውኩት።

ዋናው ሥራ የቀለሙ አደራረብ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው፣ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ቀለም ሲደርቅ ውስጡ ያለው ቲነር ይተናል፣ ስለዚህ ይሰምጣል። ሰምጦ ስታዩት ልሙላው ብላችሁ አንዴ ወፍራም ታደርጋላችሁ፣ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፣ ከሳምንት በኋላም ጥፍር ይገባበታል። ቀለሙን በቲነር አቅጥኑት፣ እርጎ ሳይሆን ወተት ይምሰል። በስቴኪኒ ጫፍ የነጥቧ መሃል ላይ ጠብ፣ ራሱ ወደ ዳር ይሄዳል። ብሩሽ ተዉት፣ ብሩሽ ከጉድጓዱ አልፎ ደህናው ቀለም ላይ ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆዩ፣ ደግሞ ጠብ። እኔ ሦስት ጊዜ ደራረብኩ፣ ትልልቆቹን አራት። ቀለሙ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ መቅረት አለበት፣ የቀረውን ጉድጓድ የሚሞላው ክሊሩ ነው። ሲደርቅ ደብዛዛ ሆኖ ብታዩት አትደንግጡ፣ መብራቱን የሚሰጠው ክሊር ነው።

ብርማ ለሆነ መኪና አንድ ነገር ልጨምር። ውስጡ ያለው ብልጭልጭታ የአሉሚኒየም ደቃቅ ነው፣ ከሥር ይዘቅጣል፣ በየጠብታው መሃል ጠርሙሱን ነቅንቁ። ያም ሆኖ ጠብ ያደረጋችሁት ከዙሪያው ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም በስፕሬይ ሲነፋ ደቃቁ ተኝቶ ነው የሚያርፍ፣ በጠብታ ሲሆን ግን እንደ አጋጣሚ ይቆማል፣ ብርሃኑን እኩል አይመልስም። ቀለም ቀማሚውን አትውቀሱት። አንዴ ካወቃችሁ ይቀላል፦ ሁለት ሜትር ርቃችሁ ካላያችሁት ሥራው ተሳክቷል፣ ተደፍታችሁ ስትፈልጉት ቢገኝ ምን ችግር አለው?

ከሁለት ሰዓታት በኋላ ክሊር። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተሉ፣ የኔ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር ነበር፣ በስሪንጅ 2 ሚሊና 1 ሚሊ ለካሁ። ጓንት አድርጉ፣ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ሃርድነሩ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ በስቴኪኒ ጠብ ማድረግ ሌላ፣ በቤት ውስጥ በስፕሬይ መንፋት ሌላ፣ ሁለተኛውን ፈጽሞ አታስቡት። ከቀላቀላችሁ በኋላ ወደ ቆርቆሮው አይመለስም፣ የተረፈኝ ማታ ኩባያው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ጠብ አደረግሁ፣ ሁለተኛው ላይ ከዙሪያው በጣም ትንሽ እስኪያብጥ። እየተነሳሁ ሳለ የጎረቤት ልጅ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አንዷን በጣቱ ጫን አደረጋት። አሻራው እስከ ዛሬ አለ ብል ማጋነን ነው፣ ግን ያችን አንዷን ደግሜ ሠርቻታለሁ።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ አልነካኋትም። የኅዳር ሌሊት ይበርዳል፣ ቀለምም በብርድ ቶሎ አይደርቅም፣ ሁለት ቀን ይበቃል የሚሉት ለሞቃት አገር ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ብርጭቆ ወረቀት። ያንን የፎቶ ኮፒ ወረቀት አስታወሳችሁ? የምታሹት ክሊር የዚያ ግማሽ እንኳ አይሆንም። 2000ውን በሳሙና ውሃ ነክሬ፣ እንደገና ላጲሱ ላይ፣ እብጠቷን ብቻ፣ አሥር ያህል ጊዜ እየተመላለስኩ አቁሜ ጠርጌ አያለሁ። በጣት ተጭናችሁ አትሹ፣ ጣት ለስላሳ ስለሆነ ዙሪያውን ይበላል። ከዙሪያው ጋር እኩል ስትሆን 3000፣ ከዚያ ኮምፓውንድ በጨርቅ፣ በእጅ። ደብዛዛ የነበረው ቦታ ወደ መስታወትነት ሲመለስ ማየት፣ እውነቴን ነው፣ ሱስ ያስይዛል።

ያ ሱስ ነው አሥረኛዋን ያበላሸብኝ። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ ያለች ነበረች። ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፣ እኔ ደግሞ ዘጠኙ ስላማረልኝ እጄ ፈጠነ። ውሃው ብርማ ሲሆን አየሁ፣ ክሊሩን በልቼ ቀለሙ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው። ነጭ ውሃ ይሁን፣ ብርማ ውሃ ካያችሁ ወዲያው እጃችሁን አንሱ። ጠርዝ ላይ ያለችውን ነጥብ ትንሽ አብጣ ትቅር፣ ብርጭቆ ወረቀት አታስጠጓት።

ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም፣ ፀረ ዝገትም አይፈልግም። አራቱን በአልኮል ጠርጌ ቀለምና ክሊር ብቻ አደረግሁላቸው፣ አላሸኋቸውም። ፓርኪንግ ላይ ስለሚተሻሽ ከዚያ በላይ ጊዜ አይገባውም ባይ ነኝ።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ክረምት አልፎበታል። ከ11ዱ ስምንቱን ራሴም ፈልጌ አላገኛቸውም። ሁለቱ ጎንበስ ላለ ሰው ይታያሉ። የጠርዟ ጎልታ ትታያለች፣ ክሊር ደግሜባታለሁ፣ ቢያንስ አልዛገችም። ዝገትም በአንዳቸውም አልተመለሰም። ፓራፋንጎዋ ግን ከኔ አቅም በላይ ስለሆነች ለብቻዋ ጋራዥ ገብታ ተቀባች፣ ኮፈኑን እንዳይነኩ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኜ ነው የሰጠኋቸው፣ ልጁ ስለ ኮፈኑ ደግሞ ሲጠይቀኝ «የት ጋ ነው የተላጠው?» አልኩት፣ ትንሽ ፈለገና ተወው።

የተረፈው ቀለም በሁለት የኩቴክስ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ አስቀምጫለሁ፣ ትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ አየር ስለሚበዛ ይረጋል። ባለቤቴ አንደኛውን ጠርሙስ መሳቢያ ውስጥ አግኝታ ጥፍሯ ላይ ሞክራዋለች፣ ብርማው አምሮባታል፣ እንዲያውም ሦስት ቀን ከነቪትዟ ቀለም ሥራ ሄደች።